ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱ አንድ፣ መንገዱ ሁለት



ዋሽንግተንና አካባቢዋ ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከቦሌ ተነስቶ የዋሽንግተን ኤርፖርት በሆነው ደለስ የሚያርፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መሀል ላይ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ከደለስ ወደ ቦሌ ሲመለስ ግን አንዴ ከተነሳ አዲስ አበባ እስኪደርስ መሬት አይነካም። የማረፊያው ከተማ እንደየጊዜው ተለዋውጧል፤ ሮም ነበር፣ ደብሊን ሆነ፣ ሎሜም ተጨመረ። መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ መሄጃው ከነማረፊያው ከ16 ሰዓት ያልፋል። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ አብራሪዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው፣ ምድርም በሌሊት አትለጠጥም። ታዲያ የሦስትና የአራት ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ? ዛሬ የምከራከረው በሁለት ኤርፖርቶች መካከል አለ የሚባለው የኪሎ ሜትር ቁጥር የምድርን ቅርጽ እንጂ የጉዞውን ርዝመት አይነግረንም ብዬ ነው። የጉዞውን ርዝመት የሚወስኑት የመነሻው ከፍታ፣ የነፋሱ አቅጣጫና የመንግሥታት ፈቃድ ናቸው። ከሦስቱ ደግሞ በእኛ ላይ ከሁሉ የከበደው፣ ከሁሉም ያነሰ የሚወራለት፣ ከፍታው ነው።

በቁጥሩ እንጀምር። በሉል ላይ ከቦሌ እስከ ደለስ ክር ቢወጠር ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ክር በካርቱም አቅራቢያ ያልፋል፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ይሻገራል፣ ስፔንና ፖርቱጋልን አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሮም ወይም ደብሊን ማረፍ ብዙ የሚያዞር አይደለም። በዚያው ስሌት በሮም በኩል ሲኬድ የሚጨመረው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብሊን በኩል ደግሞ ከ300 አይበልጥም። ለአውሮፕላን ይህ የ20 ደቂቃ መንገድ እንኳን አይደለም። በሎሜ በኩል ግን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። ጉዳዩ የኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ የደብሊኑ ማረፊያ ጨርሶ ባልተሰማን ነበር። የሚሰማን መውረዱ፣ መቆሙ፣ ነዳጅ መቅዳቱ፣ እንደገና ተንደርድሮ ከፍታ መያዙ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ካርታ ላይ ርዝመት የላቸውም።

ካርታው ያልያዘውን ነገር ከታሪክም ማየት እንችላለን። በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1984) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በረረ። የሸፈነው 12,082 ኪሎ ሜትር በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር የንግድ አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። የተበረረው መንገድ ከተወጠረው ክር በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማንም አውሮፕላን በክሩ ላይ በትክክል አይበርም። ሁለተኛውና ዋናው አቅጣጫው ነው። ክብረ ወሰኑ የተያዘው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ 767 በ777፣ 777 በ787 ተተካ፤ ሳያርፍ የሚበረረው አቅጣጫ ግን ዛሬም ያው የዚያን ቀኑ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተቀየረውን ነገር ማሽኑ ውስጥ ብንፈልግ አናገኘውም፤ ያለው መሬቱና ሰማዩ ላይ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ደለስ ደግሞ 95 ሜትር ብቻ። በቦሌ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ መደበኛ መጠን በሩብ ያህል ያንሳል። የክንፉ የማንሳት ኃይል የሚመጣው ከአየር ነው፤ ሞተሩም የሚውጠው አየር ሲቀንስ ግፊቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ለመነሳት ከባሕር ወለል ይልቅ በ15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ያንን ፍጥነት እንዲያመጣ የሚገፋው ሞተር ግን የደከመ ነው። ጎማዎቹም ሊሸከሙት የሚችሉት የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም ርዝመት ብቻውን ይህን ሁሉ አይሸፍንም፤ ከመሬት ከተላቀቀ በኋላ አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው ብቻ ከፍታ መያዝ የሚችል መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበትና።

ይህ ስሌት በየበረራው እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንመልከት። የበረራ ዕቅድ የሚያወጣው ባለሙያ ፊት የዕለቱ ሙቀት፣ የአየር ግፊት፣ የማኮብኮቢያው አቅጣጫና ነፋስ ይቀርብለታል። ከእነዚህ በመነሳት አውሮፕላኑ በዚያ ሰዓት ቢበዛ ስንት ቶን ሆኖ ሊነሳ እንደሚችል ያወጣል። 787-8 በፋብሪካው ወሰን እስከ 228 ቶን መነሳት ይችላል፤ ቦሌ ላይ ግን ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ይቀራል። ከሚፈቀደው ክብደት ላይ የባዶ አውሮፕላኑ ክብደት ይቀነሳል፤ የቀረው ለነዳጅ፣ ለሰው፣ ለሻንጣና ለጭነት የሚከፋፈል ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ለ14 ሰዓት 70 ቶን፣ ከዚያም በላይ ለመጠባበቂያ የሚያዘው አለ። ነዳጁ ሙሉ ይሁን ከተባለ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል፤ ወንበሩ ይሙላ ከተባለ ነዳጁ አትላንቲክን አያሻግርም። መሀል መንገድ ላይ ማረፍ የዚህ ሒሳብ ውጤት ነው። ከቦሌ በአነስተኛ ነዳጅ ይነሳሉ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ታንኩን ይሞላሉ። ደብሊንም ሎሜም ከባሕር ወለል ብዙም ያልራቁ ናቸው። ረጃጅሞቹ በረራዎች ከቦሌ ሌሊት የሚነሱት በዋነኛነት ከሌሎች በረራዎች ጋር እንዲገናኙ ቢሆንም የሌሊቱ ቅዝቃዜ አየሩን ትንሽ አጠንክሮ ያግዛል።

ይህ የከፍታ ጉዳይ ከጄት ዘመን መግቢያ ጀምሮ አብሮን ያለ ነው። የቀድሞው የልደታ ማኮብኮቢያ ለጄት አይበቃም፣ ለማስረዘምም አይመችም ነበርና ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦሌ የተሠራው። ከ60 ዓመት በፊት የነበሩት ሰዎች የገጠማቸው ጥያቄና የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ያህል ከፍ ካለ ቦታ ምን ያህል ክብደት ማንሳት ይቻላል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። «787 እኮ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል ተብሎ ነው የተሸጠው፤ 11,560 እንዴት አቃተው?» ይባላል። ሌላም ማስረጃ ይጨመራል፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,230 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ሆና ሳለ የጃፓኑ አየር መንገድ ኦል ኒፖን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚያው በ787 ከሜክሲኮ ሲቲ ቶኪዮ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ ይበራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። የፋብሪካው ቁጥር ዝቅ ካለ ኤርፖርት ሙሉ ክብደት ይዞ ለተነሳ አውሮፕላን የተሰላ ነው። የጃፓኑ በረራም የሚቻለው ጥቂት ወንበር ባለው አውሮፕላን፣ ከፍ ያለ ዋጋ ሊከፍል የሚችል የንግድ መንገደኛ ታስቦ ነው። ኤምሬትስ በተቃራኒው ከዱባይ ሜክሲኮ ሲቲ የሚያደርገውን በረራ በባርሴሎና በኩል አድርጎታል። ስለዚህ ቦሌ ላይ የሚጠየቀው መብረር መቻሉ አይደለም፤ ስንት ሰው ይዞ መብረር መቻሉ ነው። የእኛ መስመር መንገደኛ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ይዞ የሚጓዝ፣ ለቤተሰብ ልብስና መድኃኒት፣ በርበሬና ሽሮ የሚያመላልስ፣ ቲኬቱን ለወራት ቆጥቦ የሚገዛ ሰው ነው። ወንበሩን በግማሽ ቀንሶ ዋጋውን እጥፍ በማድረግ የሚገኝ ቀጥታ በረራ ለዚህ ሰው ርቀቱን አያሳጥርለትም፤ ጭራሽ ያርቅበታል።

አሁን ወደ ነፋሱ። በሰፊው የሚነገር አንድ ማብራሪያ አለ፤ ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው እየቀረበለት ይመጣል፣ ወደ ምሥራቅ የሚበረው ደግሞ መድረሻው ይሸሸዋል የሚል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ወደ ዋሽንግተን መሄድ ከመመለስ ያጥር ነበር፤ እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራልና አውሮፕላኑ ቆሞ የምድርን መዞር የሚጠብቅበት ቦታ የለም። የምድር መዞር የሚገባው በሌላ በር ነው። ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ የሚሄደውን ሞቃት አየር ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል፤ በዚህ የተነሳ በመካከለኛው ኬክሮስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ የነፋስ ጅረት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ይህን ነፋስ ከጀርባው አድርጎ ከኒውዮርክ ለንደን 5 ሰዓት ሳይሞላ፣ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ።

በእኛ መስመር ላይ እናስላው። ነፋስ ባይኖር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 11,560ውን በ12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በመንገዱ ሁሉ አማካዩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሆነ የምዕራብ ነፋስ አለ እንበል። ሲሄድ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ሲመለስ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ ሰው ሲሄድ የጠፋው ሲመለስ ይካካሳል ብሎ ያስባል፤ አይካካስም። ሲሄድ የጠፋው 45 ደቂቃ ነው፣ ሲመለስ የተገኘው 41 ብቻ። ነፋሱ ሲጠነክር ይህ ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ ከፊት የሚመጣ ነፋስ አውሮፕላኑን ዘለግ ላለ ጊዜ ይይዘዋልና። ደግሞ እነዚያ 45 ደቂቃዎች ወደ 4 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ናቸው። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢባል የ40 ሰው ቦታ ነው። ከፍታውና ነፋሱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ቦሌ ክብደት የሚከለክለን ነፋሱ ተጨማሪ ነዳጅ በሚጠይቀን አቅጣጫ ሲሆን፣ ደለስ ክብደት የሚፈቅድልን ደግሞ ነፋሱ ነዳጅ በሚቆጥብልን አቅጣጫ ነው። ሁለቱ መከራዎች በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በረከቶች በሌላው ወገን ተደርድረዋል።

«በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት እኮ የአየር መንገዱ ግምት ነው፣ ለመዘግየት ማካካሻ ተጨምሮበታል፤ ከእሱ ተነስቶ መከራከር አይቻልም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በፕሮግራም የሚወጣው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተላቀቀ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ መንደርደሪያ ላይ ተራ መጠበቁንም ጨምሮ። ግን ማካካሻው በሁለቱም አቅጣጫ ይጨመራል፤ ስለዚህ ልዩነቱን አይፈጥረውም። ይልቅ ቲኬቱ የሚያሳስተው በሌላ መንገድ ነው። በዋሽንግተን የብርድ ወራት፣ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ሰዓት በ8 ሰዓት ሲለያይ፣ ከቦሌ ከምሽቱ 4:30 የተነሳ መንገደኛ 17 ሰዓት ተጉዞ በማግስቱ ጠዋት ዋሽንግተን ይገባል፤ ቲኬቱ ላይ በመነሻና በመድረሻ መካከል የሚታየው 9 ሰዓት ነው። ሲመለስ 13 ሰዓት ተጉዞ ቲኬቱ 21 ሰዓት ያሳየዋል። ወረቀቱ ረጅሙን ጉዞ አሳጥሮ አጭሩን ያስረዝማል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ማክሰኞ 00:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚመጣ ሰው በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ለአረጋውያን ወላጆች ቲኬት ልካችሁ ከሆነ ይህን በቃል ደጋግማችሁ ብታስረዷቸው ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ጉዳይ የመንግሥታት ፈቃድ ነው። ቅድም ያልነው ክር በካርቱም አጠገብ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ያ ሰማይ ለንግድ በረራ ተዘጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎችም ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ሳዑዲ አረቢያ ዞሩ። አንድም ኪሎ ሜትር ሳይንቀሳቀስ ካይሮ ከአዲስ አበባ ራቀ። ከዚያ በፊት ለ20 ዓመት ያህል የኤርትራ ሰማይ ተዘግቶብን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ሲከፈት አስመራ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ በረራ የምትደረስ ከተማ መሆኗ በቀናት ውስጥ ታወቀ። የርቀት ቁጥሩ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያው ነበር፤ እናትና ልጅ ግን በሦስተኛ አገር በኩል ካልሆነ አይገናኙም ነበር። ይህ በእኛ ቀጠና ብቻ የሚሆን አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፊንላንዱ አየር መንገድ በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋበት አውሮፕላኖቹን በሰሜን ዋልታ በኩል አዞረ፤ ጉዞው 13 ሰዓት ያህል ሆነ።

መሀል መንገድ ማረፍን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አየር መንገዱ በግድ የሚያርፍበትን ቦታ ገበያ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከደብሊን ሎስ አንጀለስ የሚሄዱ መንገደኞችን ጭኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከሎሜ ወደ ኒውዮርክ አካባቢ፣ ወደ ኒውአርክ፣ በቀጥታ በርሯል። ሎሜ መሠረቱን በጣለው በአስካይ አየር መንገድ በኩል የጋናን፣ የቤኒንን፣ የናይጄሪያን መንገደኛ ይሰበስባል። በኪሎ ሜትር ከሁሉ የሚያዞረን ማረፊያ በገቢ ከሁሉ የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ብልሃት ነው፣ ሊመሰገንም ይገባል። ብልሃቱ ግን ቦሌ ላይ ጭነቱ ለምን እንደሚቀነስ የሚለውን ጥያቄ አይዘጋውም፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ብቻ የሚሄደው መንገደኛ አሁንም ተጨማሪዎቹን ሰዓታት በወንበሩ ላይ ይከፍላል።

ለዚህ ነው በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ ኤርፖርት ስለ ስፋቱና ስለ ውበቱ ብቻ መወራቱ የማይበቃው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሙቀቱ ታስቦ የአየሩ እፍጋት በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን 200 ቶን ሆኖ ለሚነሳ አውሮፕላን ክብደቱ በዚያው ልክ ቢጨምር 8 ቶን ነው፤ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ስንሄድ የሚወስድብን 4 ቶን ሁለት ጊዜ ይገባበታል። ኤርፖርቱ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ በአየር ያተረፍነውን በመኪና እንከፍላለን የሚሉ አሉ፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ልክ ናቸው፣ በቂ ባቡርና መንገድ ካልቀደመ ኪሳራው እውነተኛ ነው። ከአየር መንገዱ ደንበኞች ግን ብዙዎቹ አውሮፕላን ቀይረው የሚያልፉ ናቸውና የከተማው መንገድ አይነካቸውም። ከመሬቱ የሚነሳው ገበሬ የሚያነሳው ጥያቄ ደግሞ በቶንና በሜትር የሚመለስ አይደለም፤ ካሳውና መተዳደሪያው በራሱ ሚዛን መመዘን አለበት፣ የከፍታው ጥቅም እሱን ዝም ለማሰኘት መዋል የለበትም። ማኮብኮቢያዎቹ በቂ ርዝመት አግኝተው ሲሠሩ ወደ ምዕራብ ሳያርፉ መብረር በዓመት በስንት ቀን፣ በስንት መንገደኛ እንደሚቻል የሚያሳይ ስሌት ለሕዝብ ይቅረብ ብዬ የምጠይቀውም ለዚህ ነው። በሰሜኑ የብርድ ወራት ጄት ስትሪሙ ሲበረታ የሱዳን ሰማይም ተዘግቶ ከሆነ 8 ቶኑ ላይበቃ ይችላል፤ ነፋሱ በሚለዝብበትና ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቀን ግን ደለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄዱበትም በመጡበትም እኩል ሩቅ ልትሆን ትችላለች።